ትምህርት ቤታችን በስንቅ ሲለካ

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ ስለ አድዋ ይጽፋሉ፣ ስለ በርሊን ጉባኤ ይጽፋሉ። የአዲስ ቅዳምን ሁለተኛ ደረጃ ግን አንድም ቀን አንሥተውት አያውቁም። እኛ ታሪክ የለንም እንዴ?»

እውነቱን ነው። ትንሽም ቆንጠጥ አድርጎኛል። ዛሬ ደግሞ ቅዳሜ ነው፤ ለከተማችን ስሟን የሰጣት ቀን። ስለዚህ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ረዘም ይላል።

የትምህርት ቤት ታሪክ ሲባል ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለን የተመሠረተበት ዓመት፣ የርዕሰ መምህራን ስም ዝርዝርና ሪባን የቆረጠው ባለሥልጣን ነው። ይሄ ለበር ላይ ታፔላና ለምረቃ መጽሔት ይሆናል። እኔ ዓመታት ሰሌዳ ፊት ቆሜ የተማርኩት ግን ሌላ ነው። የኛን አካባቢ የትምህርት ታሪክ ማወቅ የፈለገ ሰው አንድ ነገር ይጠይቅ፦ የገበሬ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ለመግባት ስንቁን ተሸክሞ ምን ያህል ይሄድ ነበር?

ዓርብ ከሰዓት

ይሄን ጥያቄ ያስተማረኝ አንድ ተማሪ ነው። ዓርብ ከሰዓት የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የእኔ ነበር። ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ ከኋላ የሚቀመጥ፣ ዝምተኛ። ሰኞ አለ፣ ማክሰኞ አለ፣ ዓርብ ከሰዓት የለም። ሦስት ሳምንት ታገሥኩት። በአራተኛው ሰኞ ላይ አስነሥቼ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ፣ «አንተ ዓርብ ዓርብ የት ነው የምትጠፋው? ቅዳሜና እሑድ አልበቃህም?» አልኩት።

ልጁ መሬት መሬት አየ። የመለሰልኝ አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ነው። «ቲቸር፣ ስንቅ ሊያመጣ እየሄደ ነው። ቤታቸው ሩቅ ነው። በጊዜ ካልወጣ ወንዙ ጋ ይመሽበታል።»

በእግር አራት ሰዓት ነበር መንገዱ። ዓርብ ሄዶ፣ ቅዳሜ እናቱ ስታዘጋጅለት ውላ፣ እሑድ ተሸክሞ ይመለሳል። እኔ ደግሞ ከስሙ ፊት ለፊት የቀሪ ምልክት እየደረደርኩ ነበር። ስለ አፍሪካ መቀራመት ሳስተምር እንድ ልጅ ወንዝ እንዳይመሽበት እየሮጠ መሆኑን አላወቅኩም። ይቅርታ ጠየቅኩት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የማንም አይደለም።

አካባቢውን ለማያውቁ ተከታዮቼ ትንሽ ላስረዳ። አዲስ ቅዳም በአዊ ብሔረሰብ ዞን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው አስፋልት ያልፍባታል፤ በአንድ በኩል እንጅባራ፣ በሌላው በኩል ዳንግላ። አገሩ ደጋ ነው። ገብሱ፣ ድንቹ፣ ጤፉ፣ ፈረሱ ይታወቃል። ውሃው ሁሉ መጨረሻው ዓባይ ነው፤ መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር ወንዝ ገና ስላልጎደለ የገጠሩ ተማሪ ዘግይቶ ይገባል።

ከሩቅ ቀበሌ የመጣው ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ሦስት አራት ሆኖ አንዲት ክፍል ቤት ይከራያል። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ወለሉም እንዲሁ። በአንዱ ጥግ ፍራሽ ወይ ሰሌን፣ በሌላው ጥግ ምድጃና ጆንያ። ጆንያው ውስጥ ድንች አለ፣ ሽሮ አለ፣ በሶ አለ፣ ቆሎ አለ። ቅዳሜ ገበያ ሲቆም አባት እህል ሊሸጥ ይመጣል፤ በዚያው ለልጁ ስንቅ ያቀብላል፣ የቤት ኪራይ ይሰጣል፣ «እንዴት ነው ትምህርቱ?» ብሎ ይጠይቃል። አባት ያልመጣለት ደግሞ እንደዚያ ልጅ ራሱ ይሄዳል። ታድያ ገበያው ለተማሪው ባንኩም ፖስታ ቤቱም የወላጅ ስብሰባውም ነው።

አኩፋዳ የያዘው የመጀመሪያው ተማሪ

ይሄ ነገር ትናንት የተጀመረ አይደለም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ መንገድ ስሞች ናቸው። ቅኔ የፈለገ ልጅ ከእናት ከአባቱ ይለያል፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ ይማራል። ውሻ ይነክሰዋል፣ ዝናብ ይመታዋል። ቆሎ ተማሪ የተባለው ለዚህ ነው።

የአገው ልጅ ደግሞ አንድ ሸክም ይጨመርበት ነበር። ቤቱ የሚነገረው አገውኛ ነው፤ ትርጓሜው የሚሰጠው በአማርኛ ነው፤ የሚማረው ግእዝ ነው። ሦስት ቋንቋ ማለት ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

እንግዲህ «ዕውቀት ከቤት ርቆ ነው የሚገኘው» የሚለውን ወላጆቻችን የወረሱት ከዚህ ነው። ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ርቀቱን አላስቀረውም። እንዲያውም አስረዘመው።

ቆንስላው ቀድሞ ደረሰ

የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የተፈሪ መኮንን በ1917 ዓ.ም.። ሁለቱም አዲስ አበባ ናቸው። ከአገው ምድር ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት፣ ሳምንታት በእግር ወይም በበቅሎ መጓዝ ነበረበት። ስንቁን ተሸክሞ የሚዘልቀው የትኛው የገበሬ ልጅ ነው? የመኳንንት ልጅ ካልሆነ ወይም ባላባት ካላስጠጋው በቀር አይታሰብም።

በዚሁ ዘመን ግን አንድ የሚያስገርም ነገር እዚሁ ጎረቤታችን ነበረ። እንግሊዝ ዳንግላ ላይ ቆንስላ ከፍታ ነበር። ሮበርት ቺዝማን የሚባለው ቆንስል እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዚያ አገልግሏል። የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ በእግርና በበቅሎ እየዞረ ያጠና ነበር፤ ያየውንም እ.ኤ.አ. በ1936 በመጽሐፍ አሳተመ። እንግሊዝ ያኔ ሱዳንን ትገዛለች፤ ግብፅንም በእጇ አድርጋለች፤ የዓባይ ውሃ ነገር እንቅልፍ ይነሣታል።

ይሄን በክፍል ውስጥ ስናገር ተማሪዎቼ ይሥቁ ነበር። እኔ ግን ሁሌም የሚከነክነኝ ነገር አለ። የውሃችንን ነገር የሚከታተል ቆንስላ ለንደን ድረስ ደብዳቤ እየጻፈ በተቀመጠበት ጊዜ፣ የዚያው ውሃ አገር ልጅ የሚገባበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በመላው ጎጃም አልነበረም። ውሃው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ሌላው ሲለካ፣ ልጁ የሚለካበትን አልተማረም።

ከዚያ ጣልያን ገባ። አምስቱ ዓመት ትምህርት ቤቶችን ዘጋ፤ የተማረውንም ወጣት ፈጀ። ከነፃነት በኋላ በ1935 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ኮተቤ ላይ ተከፈተ፤ በ1938 ዓ.ም. ጄኔራል ዊንጌት ተከተለ። አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ ከጠቅላይ ግዛት ጎበዝ ተማሪ እየተመረጠ ይገባባቸዋል። የስንቅ ነገር ቀረለት ማለት ነው። ግን ስንት ልጅ? ከአንድ አውራጃ በጣት የሚቆጠር።

መንገዱ ማጠር ሲጀምር

ለውጡ የመጣው በ1950ዎቹ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተሰበሰበ። የጉባኤው ዕቅድ እ.ኤ.አ. በ1980 የአፍሪካ ልጅ ሁሉ አንደኛ ደረጃ እንዲገባ ነበር። ቁጥሩ ሲደረደር ግን አስተናጋጇ አገር አንገት ደፋች። ለሦስት ሺህ ዓመት ነፃነቷ የምትኮራው ኢትዮጵያ፣ ትናንት ከቅኝ ግዛት ከወጡት ብዙዎቹ ኋላ ሆና ተገኘች።

ከዚያ ወዲህ ሩጫ ሆነ። በ1955 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ሰላም ጓድ መምህራን መጡ፤ አብዛኞቹ የተላኩት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነው። በዚያው ዓመት ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተደረገ ትብብር የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተከፈተ። ልብ በሉ፦ አሜሪካና ሩሲያ በሚፎካከሩበት ዘመን የጎጃም ልጅ ከሁለቱም ደብተር ያገኛል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ወርደው እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ ብዙዎቹም ያስተማሩ ነበር። በሕዝብ መዋጮና ከስዊድን መንግሥት በተገኘ እርዳታ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየገጠሩ ተሠሩ።

የአካባቢያችን ሽማግሌዎች የሚያወሩት የዚህን ዘመን መንገድ ነው። ስምንተኛን በብሔራዊ ፈተና ያለፈ ልጅ ስንቁን ቋጥሮ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል፤ ከመቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ። ኋላ ላይ መንገዱ ወደ ባሕር ዳር ሆነ፤ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ። እያለ እያለ ዳንግላ ደረሰ። በመጨረሻም አዲስ ቅዳም። ከሳምንታት ወደ ቀናት፣ ከቀናት ወደ ሰዓታት። እንግዲህ ለጠየቀኝ ተማሪዬ መልሴ ይሄ ነው፦ የትምህርት ቤታችን ታሪክ ማለት አንድ ረጅም መንገድ በሦስት ትውልድ ውስጥ ያጠረበት ታሪክ ነው። የዚያ ዓርብ የሚጠፋው ልጅ አራት ሰዓት የመንገዱ ጅማሬ ሳይሆን፣ የቀረው ጫፍ ነው።

መንገዱ ሲያጥር ቋንቋው ራቀ

ደርግ ሲመጣ ተማሪው ራሱ አስተማሪ ሆኖ ገጠር ወረደ። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ዘመቱ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ በዓመቱ የዩኔስኮን ሽልማት አገኘ። እናቶቻችን ስማቸውን መጻፍ የቻሉት ያኔ ነው። አውራ ጣት በቀለም መንከር ያኔ ነው ነውር የሆነው።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዘመቻው የተካሄደው በ15 ቋንቋዎች ነበር። አገውኛ ከ15ቱ ውስጥ አልነበረም። የአዊ እናት ፊደል የቆጠረችው በአማርኛ ነው።

አገውኛ ወደ አንደኛ ደረጃ ክፍል የገባው ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ነው። ትልቅ ነገር ነው፤ ልጅ በእናቱ ቋንቋ መጠየቅ ሲችል ክፍሉ ይደምቃል። ይሁን እንጂ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ከታሪክ እስከ ፊዚክስ ሁሉም እንግሊዝኛ ይሆንበታል። በቤት አገውኛ፣ በገበያ አማርኛ፣ በደብተር እንግሊዝኛ። ያዙልኝ ያልኳችሁ የቆሎ ተማሪው ሦስት ቋንቋ ተመልሶ መጣ፤ በግእዙ ቦታ እንግሊዝኛ ተቀመጠ እንጂ።

በ1997 የትምህርት ዘመን አካባቢ ያስተማረና የተማረ ፕላዝማን አይረሳትም። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣል። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር በፈጣን እንግሊዝኛ ያስረዳል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ «ጥሩ!» ብሎ ያልፋል። ማን መለሰለት? እኛ መምህራን ጥግ ላይ ቆመን እናያለን። መብራት ሲጠፋ ተማሪው ያጨበጭብ ነበር። ጠመኔዬን አንሥቼ ከመጀመሪያው በአማርኛ እያቀላቀልኩ ሳስረዳ ነው የተማሪዎቼን ዓይን የማገኘው። ከደቡብ አፍሪካ በሳተላይት የመጣው ትምህርት፣ ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅ ጋ ሳይደርስ ቀረ።

ስለ ሴት ልጆች

ለወንዱ አራት ሰዓት የሆነው መንገድ ለሴቷ ረዘም ያለ ነው። ወላጅ ሴት ልጁን ለብቻዋ ቤት አከራይቶ ለማስቀመጥ ይፈራል፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። በመንገድ ጠለፋ ነበረ። በቤት «ዕድሜዋ ሄደ» የሚል ጎረቤት ነበረ። ከወንድሟ ጋር ስትከራይ ደግሞ ሁለቱም ዘጠነኛ ክፍል ሆነው ወጥ የምትሠራው እሷ፣ ውሃ የምትቀዳው እሷ፣ እሱ በኩራዝ ሲያነብ ድንች የምትልጠው እሷ ናት። ፈተና ላይ ሲበልጣት «ወንድ ጎበዝ ነው» ይባላል።

እንደ አስተማሪ የኮራሁት በማን ነው ብትሉኝ፣ ይሄን ሁሉ ተሸክመው አሥራ ሁለተኛ በጨረሱት ሴት ተማሪዎቼ ነው። አንዳንዶቻችሁ ይሄን እያነበባችሁ ነው። ታውቁታላችሁ።

ከሰል የከፈለው ደብተር

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን። በፋግታ ለኮማ ኮረብታ ላይ የምታዩት አረንጓዴ ዛፍ ዲከረንስ ይባላል። አገሩ አውስትራሊያ ነው። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክላል፤ ቀጥሎ በሥሩ የሚበቅለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ቆርጦ ያከስለዋል፤ ከዚያ መሬቱን መልሶ ያርሰዋል። የተጎዳውን አሲዳማ አፈርም ያገግምለታል። ከሰሉ በጭነት መኪና ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ ይወርዳል።

የአዲስ አበባ ወዳጆቼ፣ ቡና ያፈላችሁበት ከሰል የኛ አገር ልጅ የቤት ኪራይ ሊሆን ይችላል። አንድ የጎጆ ያህል የተቆለለ እንጨት ሲከስል፣ ዩኒፎርም ይወጣል፣ ደብተር ይወጣል፣ አንዳንዴም የስንቁ መንገድ በባጃጅ ይሆናል። ተማሪው ጥቁር እጁን ታጥቦ ክፍል ሲገባ ጥፍሩ ሥር የቀረውን ጥላሸት አይቼ አውቃለሁ።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ዲከረንሱን የዛገ የሚያስመስል የፈንገስ በሽታ መታው። ቅጠሉ እየደረቀ ማሳው ቀላ። በአንድ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ኢኮኖሚ ሲናጋ መጀመሪያ ከሚቀነሱት ወጪዎች አንዱ የልጅ የቤት ኪራይ ነው።

በሩ ቅርብ ሆኖ ሲዘጋ

የመጨረሻው ክፍል ለመጻፍ ከባድ ነው። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስርቆትን ለማስቀረት ተብሎ በየዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። ውጤቱ ሲወጣ አገር ደነገጠ፦ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ተማሪዎች ብቻ ነበሩ፤ ከተፈታኙ 3.3 በመቶ። በቀጣዩ ዓመት 27,267፤ 3.2 በመቶ። በሁለቱም ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ ነበሩ።

ሰው «ትውልዱ ሰነፈ» አለ። እኔ አልልም። እነዚህ ቁጥሮች የሚያሳዩት የነበረውን እንጂ አዲስ የተፈጠረውን አይደለም። ስርቆቱ ሸፍኖት የነበረው ገደል ታየ እንጂ። ለሃያ ሠላሳ ዓመት ትምህርት ቤቱን ወደ ልጁ አቀረብነው፤ ትምህርቱን ግን አላቀረብነውም። በማይገባው ቋንቋ፣ ያለ መጽሐፍ፣ ያለ ላቦራቶሪ፣ በባዶ ሆድ የተቀመጠ ልጅ ከአዲስ አበባው ልጅ ጋር አንድ ወረቀት ተሰጠው።

ከዚያ ደግሞ ከ2015 ክረምት ወዲህ ክልላችን ጦርነት ውስጥ ገባ። በአማራ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆኑ። አያቱ ለአንድ የዘጠነኛ ክፍል ወንበር እስከ ደብረ ማርቆስ ተጉዟል፤ አባቱ ዳንግላ ተከራይቷል፤ ልጁ ግን የተዘጋ በር በቤቱ ደጃፍ እያየ ዋለ። ስንቅ ተቋጥሮ የሚሄዱበት ሲጠፋ ምን ይባላል? የሦስት ትውልድ መንገድ በአንድ ክረምት ተመልሶ ረዘመ።

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ትንቢት አልናገርም። ግን ታሪኩ አንድ ነገር አስተምሮኛል። ይሄን መንገድ ያሳጠረው ጉባኤ ብቻ አይደለም፣ ፖሊሲ ብቻም አይደለም። ለልጇ በሶ የቋጠረች እናት ናት። ድንጋይ ተሸክሞ የመማሪያ ክፍል ያሠራ ገበሬ ነው። «ዓርብ የት ሄድክ?» ሲባል ለጓደኛው የመሰከረ ልጅ ነው። መንግሥት መጣ፣ መንግሥት ሄደ፤ ስንቅ ግን አልቀረም።

ያ ልጅ ዛሬ የት ነው ትሉኝ ይሆናል። መምህር ነው። ባለፈው ስንገናኝ «ቲቸር፣ እኔ ዓርብ ከሰዓት ቀሪ አልይዝም» ብሎ አሣቀኝ። ከሣቁ በኋላ ግን ሁለታችንም ዝም አልን።

እንግዲህ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ቤት ሥራ ልስጣችሁ። በየትም አገር ብትሆኑ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ስንቃችሁ ምን እንደነበር፣ ከየት ተነሥታችሁ ስንት ሰዓት ትሄዱ እንደነበር፣ ከእነማን ጋር ተከራይታችሁ እንደነበር ከታች ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የትምህርት ቤታችን ታሪክ እሱ ነው፤ ሌላ የሚጽፈው የለም። ሁለተኛ፣ ከምታውቁት ቀበሌ አንድ ልጅ ፈልጋችሁ፣ በተለይ ሴት ልጅ፣ የአንድ ወር የቤት ኪራይ ቻሉላት። ብዙ አይደለም። ከማክያቶ የሚተርፍ ነው።

መልካም ቅዳሜ ይሁንላችሁ። ቀሪ አልይዝም።